ተረከዝ ስሜት ያለው ቆዳ ይፈልጋል

ጥያቄ፦ «ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው። ከ8 ወር በፊት ሞተር ብስክሌት ላይ ከኋላ ተቀምጦ ሲሄድ ቀኝ ተረከዙ የጎማው ሽቦ ውስጥ ገብቶ ቆዳውና ሥጋው ተገሽልጦ ወጣ። አጥንቱ አልተሰበረም። ከጭኑ ቆዳ ተነሥቶ ተለጠፈለት፤ ያዘም። መርገጥ ከጀመረ ወዲህ ግን ይቆስላል፣ ይደርቃል፣ መልሶ ይቆስላል። አሁን የተከፈተው 5 በ4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሐኪሙ ከውስጥ እግሩ ጎድጓዳ ላይ ቆዳና ሥጋ ከነነርቩ አዙረን ተረከዙን እንሸፍናለን አለን። ደኅናውን ቦታ አበላሽተን ተረከዙም ባይድንስ ብለን ፈራን። ከባቱ ቢወሰድ አይሻልም? ተረከዙ ስሜት ይኖረዋል? ጣቶቹስ አይደነዝዙም?»

ምላሽ፦ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ሐኪሙ ያቀረበላችሁ ቀዶ ሕክምና ለእንዲህ ያለ ተረከዝ ከሁሉ የተሻለው ነው፤ ሁለት ነገር ከተሟላ። የጎድጓዳው ቆዳ ዛሬ ሲነካ የሚሰማው መሆን አለበት። ወደ ውስጥ እግር የሚወርደው ደም ቅዳም በአደጋው ያልተጎዳ መሆን አለበት። ሁለቱም ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚረጋገጡ ናቸው፤ የመጀመሪያውን እቤት ራስዎ መሞከር ይችላሉ።

በፊት የተለጠፈው ቆዳ ለምን እንዳልጸና ልግለጽ፤ ብዙ ቤተሰብ በዚህ ጊዜ ወይ በሽተኛውን «አልተጠነቀቅህም» ይለዋል፣ ወይ ሐኪሙን ያማል። ከጭን የሚላጠው ቆዳ ውፍረቱ 0.3 ወይም 0.4 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ቁስል ይዘጋል፣ ኢንፌክሽን ይከላከላል፤ በጊዜው መደረጉም ተገቢ ነበር። ግን ከሥሩ ጮማ የለውም፣ የራሱ ነርቭ የለውም፣ ከአጥንቱ ሽፋን ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ጤነኛ ተረከዝ ከቆዳው ሥር ከ1.5 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጮማ አለው። ጮማው ዝም ብሎ የተዘረጋ አይደለም፤ ከቆዳው እስከ አጥንቱ በተወጠሩ ጠንካራ ክሮች በትናንሽ ከረጢቶች ተከፋፍሎ የታጨቀ ነው። ብርቱካን ሲሰነጠቅ ጭማቂው በየከረጢቱ ተይዞ እንደሚታየው ማለት ነው። ስንረግጥ ጮማው ይጨመቃል እንጂ ወደ ጎን አይሸሽም፤ ቆዳውም በአጥንቱ ላይ አይንሸራተትም። በየእርምጃው ተረከዝ ከጠቅላላ የሰውነት ክብደት ትንሽ የሚበልጥ ጫና ይቀበላል፤ ወረቀት የሚያህል ቆዳ ይህን አይችለውም። ስሜት ከሌለው ደግሞ ይብሳል። ጤነኛ ሰው ጫማው ውስጥ ጠጠር ቢገባበት ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ያወጣዋል። ስሜት የሌለው ተረከዝ ያለው ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ረግጦት ይውልና ማታ ካልሲው ላይ ደሙን ያያል።

አሁን ነርቮቹን እንያቸው፤ የጥያቄዎ መልስ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

የውስጥ እግር ስሜት በአብዛኛው ከአንድ ነርቭ ይመጣል፤ ቲቢያል ነርቭ ይባላል። በባት ውስጥ ወርዶ ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ጀርባ ይዞርና ወደ ውስጥ እግር ይገባል። በዚያ አጥንትና በተረከዙ ትልቅ ጅማት መካከል ሁለት ጣት ቢያሳርፉ የሚመታው ደም ቅዳው ነው፤ ነርቩ ከእሱ ጀርባ ተጠግቶ ይሄዳል። ሁለቱ አብረው፣ ከአጥንቱ ወደ ተረከዙ በተወጠረ ጠንካራ ሽፋን ሥር፣ ታርሳል ተነል በሚባል ጠባብ መተላለፊያ ያልፋሉ። ነርቩ የሚከፋፈለው እዚያው አካባቢ ነው።

አንዱ ቅርንጫፍ የተረከዝ ነርቭ ነው። ሽፋኑን በስቶ ወደ ታች ይወርድና የተረከዙን የውስጥ ጎንና መርገጫውን ይይዛል። አንዳንድ ሰው ላይ አንድ ነው፣ ሌላው ላይ ሁለትና ከዚያም በላይ። የወንድምዎ ተረከዝ ሲገሸለጥ አብሮ የሄደው ይህ ነው፤ ተመልሶ የሚሰፋበት ሥጋ ስላልቀረው ጠፍቷል። ሁለተኛው ቅርንጫፍ ሚዲያል ፕላንታር ይባላል፤ የእናንተ ጉዳይ ያለው በእሱ እጅ ነው። አውራ ጣትን ወደ ጎን በሚከፍተው ጡንቻና ጣቶችን በሚያጥፈው አጭር ጡንቻ መካከል ባለው ስንጥቅ ውስጥ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የራሱ ደም ቅዳም ከጎኑ አለ። የጎድጓዳውን ቆዳ፣ ከአውራ ጣት እስከ ሦስተኛው ጣት ያለውንና የአራተኛውን ጣት ግማሽ ስሜት የሚሰጠው እሱ ነው። ሦስተኛው፣ ላተራል ፕላንታር፣ ውስጥ እግርን በሰያፍ አቋርጦ ወደ ትንሿ ጣት ይሄዳል፤ የእሷንና የአራተኛውን ጣት ግማሽ ስሜት ይይዛል፣ የውስጥ እግር ትናንሽ ጡንቻዎችንም አብዛኞቹን ያንቀሳቅሳል። የተረከዙ የውጭ ጎን ግን ለብቻው ነው፤ ከባት ጀርባ በሌላ መንገድ የሚወርደው ሱራል ነርቭ ያስሰማዋል። ወንድምዎ በተረከዙ የውጭ ጠርዝ ላይ ጥቂት ስሜት ካለው ምክንያቱ ይህ ነው። ይህችን ጠርዝ ያስታውሷት፤ ወደ ባቱ ጉዳይ ስንደርስ ታስፈልገናለች።

የቤት ሙከራው እንዲህ ነው። ወንድምዎ በጀርባው ተኝቶ ዓይኑን ይጨፍን። በአመልካች ጣትዎ ጫፍ መጀመሪያ ጤነኛ እግሩ ላይ የአውራ ጣቱን ጫፍ ለ1 ወይም 2 ሰከንድ ቀለል አድርገው ይንኩ፤ ሳይጫኑ፣ ሳያሹ። ሲሰማው ይናገር። ቀጥሎ ሦስተኛውን ጣት፣ ቀጥሎ ትንሿን፣ ቀጥሎ የጎድጓዳውን መሃል። ከዚያ የተጎዳውን እግር በዚሁ ቅደም ተከተል። አንድ ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ ይነካል፤ ደጋግሞ መንካት ሰውን ወደ ግምት ይወስደዋል። አውራ ጣቱ፣ ሦስተኛው ጣትና ጎድጓዳው ከተሰሙት ሚዲያል ፕላንታር ደኅና ነው። ሐኪም ቤት ደግሞ ይህን በ10 ግራም ናይለን ክር ይለኩታል። ክሩ ቆዳው ላይ ቀጥ ብሎ ተይዞ ጎበጥ እስኪል ይገፋል፤ የሚጎብጠው ልክ 10 ግራም ሲጫነው ነው። ይህን የማያውቅ ቆዳ ራሱን ከጉዳት አይጠብቅም። የጠጠረ ወይም የነቃ ቆዳ ላይ መለካት ግን ውጤቱን ያዛባል።

ጣቶቹም ጎድጓዳውም ካልተሰሙት ጉዳቱ ያለው ከላይ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ጀርባ ነው፤ ዕቅዱም ይለወጣል። ያን ጊዜ ነርቩ ተከፍቶ ይታያል። የተበላሸው ጫፍ እስከ ጤነኛው ድረስ ይከረከምና ከፀጉር በቀጠነ ክር በማይክሮስኮፕ ይሰፋል፤ ክፍተት ካለ ከሱራል ነርቭ ቁራጭ ተወስዶ ድልድይ ይሆናል። ነርቭ ከጥቂት ሳምንት ቆይታ በኋላ በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ያድጋል። ስለዚህ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጎድጓዳው ወራት፣ እስከ ጣት ጫፍ የዓመት ሦስት አራተኛ ያህል ይፈጃል። ጡንቻ ከዓመት ከዓመት ተኩል በላይ ያለ ነርቭ ከቆየ አይመለስም፤ ስሜት ከዚያም ዘግይቶ ሊመለስ ይችላል። 8 ወር ስላለፈ ይህ ጥርጣሬ ካለ ቀጠሮ አያራዝሙ።

ነርቩ ደኅና ነው እንበልና ወደ ቀዶ ሕክምናው እንግባ። ሐኪሞች እንዲህ ከነደም ሥሩ የሚዞረውን ቆዳና ሥጋ ፍላፕ ይሉታል። ይህኛው ለተረከዝ ስሜት የሚሰጥ ፍላፕ ሆኖ በሕክምና መጽሔት የታተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለተረከዝ መርገጫ የመጀመሪያ ምርጫ ሆኖ ቆይቷል። እግሩን አርጥቦ ሲሚንቶ ላይ የረገጠ ሰው አሻራውን ቢያይ ከአውራ ጣቱ ጎን እስከ ተረከዙ ድረስ ደረቅ ሆኖ የቀረ ቦታ ያገኛል። ያ ቦታ ክብደት አይሸከምም፤ ፍላፑ የሚነሣው ከዚያ ነው። ከፊት የአውራ ጣት መሠረት ያለውን ኳስ አይነካም፣ ከኋላ የተረከዙን መርገጫ አይነካም፣ ወደ ውጭ ከውስጥ እግሩ መሃል ብዙም አያልፍም። አዋቂ እግር ላይ እስከ 10 በ7 ሳንቲ ሜትር ሊነሣ ይችላል፤ ስለዚህ ለ5 በ4 ቁስል፣ ዙሪያው ያለው ጠባሳ ሲወገድ ቢሰፋም እንኳ፣ ይበቃል።

ቁርጡ ከፊት ተጀምሮ ወደ ተረከዙ ይመጣል። ከቆዳው ሥር ያለው ነጭ ጠንካራ ሽፋን አብሮ ይነሣል፤ ደም ቅዳው በሁለቱ ጡንቻዎች መካከል ይገኛል፤ በፊት በኩል ታስሮ ይቆረጣል፣ በኋላ በኩል እንዳለ ይቀራል። የሚቀጥለው ሥራ እጅ የሚፈልግ ነው። ነርቭ አንድ ወጥ ክር አይደለም፤ ብዙ ፈትል የተገመደበት ገመድ ነው። ከፈትሎቹ አንዳንዶቹ ወደ ጎድጓዳው ቆዳ ይወጣሉ፣ የቀሩት ወደ ጣቶች ይቀጥላሉ። ቀዶ ሐኪሙ በማጉያ መነጽር እያየ የጎድጓዳውን ፈትሎች ከጣቶቹ ፈትሎች ይለያል። ገመዱን ሳይበጥስ ወደ ኋላ እየሰነጠቀ ፍላፑ ተረከዙ ጋ እስኪደርስ ያረዝማቸዋል። የጣቶቹ ፈትሎች ባሉበት ይቀራሉ። ስለ ጣቶች መደንዘዝ የጠየቁት የሚመለሰው እዚህ ነው፦ በትክክል ከተሠራ ጣቶቹ ስሜታቸውን አያጡም። ነርቩ በመነካካቱ ለጥቂት ሳምንታት አውራ ጣቱ አካባቢ መንዘር ወይም መደንዘዝ ቢኖር የሚጠበቅ ነው። ማጉያ ሳይኖር በችኮላ ከተሠራ ግን ወይ የጣቱ ፈትል ይቆረጣል፣ ወይ ነርቩን ለማትረፍ ሲባል የፍላፑ ፈትል ይቆረጥና ፍላፑ በሕይወት ኖሮ ስሜት አልባ ይሆናል። ስለዚህ ለሐኪሙ ያለ ሐፍረት ይጠይቁ፦ «ነርቩን በማጉያ ነው ወይ የምትለዩት?»

የተነሣበት ጎድጓዳ ላይ ከጭን ቆዳ ይለጠፋል። «ያው ተረከዙ ላይ ያልጸናው ቆዳ አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ያው ነው፤ ቦታው ግን አይረገጥም፣ ሥሩም አጥንት ሳይሆን ጡንቻ ነው። ደኅናውን ቦታ እናበላሻለን የሚለው ፍርሃት ይገባኛል፤ ነገር ግን ጫና ከሌለበት ቦታ ወስዶ ጫና ላለበት መስጠት ነው። የጎድጓዳው ቆዳ የውስጥ እግር ቆዳ ስለሆነ ውፍረቱ፣ ፀጉር አልባነቱና ከሥሩ ያለው ጮማ አሠራሩ ተረከዙን ይመስላል። ከሌላ የሰውነት ክፍል ይህን የሚተካ አይገኝም።

የባቱ ፍላፕ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 በሰፊው የታወቀው፣ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ከባት ጀርባ ይነሣና ከውጫዊው የቁርጭምጭሚት አጥንት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ባሉት የደም ሥሮች ላይ ተገልብጦ ወደ ተረከዝ ይወርዳል። ሱራል ነርቭ አብሮ ይመጣል፤ የሚመጣው ግን በዙሪያው ስላሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ነው፤ ከላይ ስለተቆረጠ መልእክት ወደ አንጎል አያደርስም። ውጤቱ ስሜት የሌለው፣ ቀጭን የባት ቆዳ ተረከዝ ላይ ነው። ከዚህ ሌላ የእግሩ የውጭ ጎን ይደነዝዛል። ያቺ በተረከዙ የውጭ ጠርዝ ላይ የቀረችው ስሜትም አብራ ትሄዳለች። ስለዚህ የባቱ ፍላፕ የሚመረጠው ወደ ውስጥ እግር የሚወርደው ደም ቅዳ ሲጎዳ፣ ወይም ጉዳቱ ከመርገጫው ይልቅ ወደ ጅማቱ ሲያደላ ነው። ሁለቱም የማይሆኑ ከሆነ ከጭን ቆዳና ጮማ ከነነርቩ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ መስፋት አለ፤ ረጅም ሥራ ነው፣ ማዕከሉም ውስን ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት መታየት ያለበትን ላስታውስ። ሁለት ትርታ ይፈተሻል፦ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ጀርባና ከእግሩ ጀርባ፣ ማለትም ከላይኛው ገጹ ላይ። ሁለተኛው ለምን እንደሚፈለግ ብዙ ሰው አይገባውም። ፍላፑ ወደ ተረከዙ ኋላ ድረስ እንዲዘረጋ ሲፈለግ ወደ ትንሿ ጣት የሚሄደው ደም ቅዳ ሊቆረጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጣቶቹን የሚመግበው ከእግሩ ጀርባ የሚመጣው ደም ነው። በጣት ካልተገኘ የደም ፍሰትን በድምፅ በሚያሰማ መሣሪያ፣ በዶፕለር፣ ይደመጣል። ራጅ ይነሣል፤ ቁስሉ ሥር አጥንቱ ተመርዞ ከሆነ ቀድሞ ካልጸዳ ፍላፑ በመግል ላይ የተደፈነ ክዳን ይሆናል። የስኳር ምርመራ ይደረግ። የቁስሉ ጠርዝ የአበባ ጎመን መስሎ ካበጠ ናሙና ይወሰድ። ሲጋራ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ይቁም፤ ጫትም እንዲሁ፣ ሁለቱም የደም ሥር ያጠብባሉ። ከፈለገ ሕይወት ወይም ከጥበበ ግዮን ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር ከተጻፈላችሁ የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና ማስታወሻ ቅጂና ራጁን አብራችሁ ያዙ፤ ወረቀቱም ላይ ፕላስቲክና መልሶ ግንባታ ክፍል መባሉን አረጋግጡ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያሉት 3 ቀናት ወሳኞቹ ናቸው። እግሩ በትራስ ከልብ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ተረከዙ ግን አልጋውን መንካት የለበትም። ስለዚህ ትራሱ ከባቱ ሥር ነው የሚገባው፣ ጀሶውም ከተረከዙ ላይ መስኮት ይኖረዋል። ይህን አስታማሚው ሌሊት ሳይቀር ይይ፤ በሽተኛው እንቅልፍ ውስጥ ሲንሸራተት በተረከዙ ተኝቶ የሚበላሽ ፍላፕ አለ። የፍላፑ ቀለም በየሰዓቱ ይታያል። የውስጥ እግር ቆዳ ከሌላው ሰውነታችን ፈካ ያለ ስለሆነ ለውጡ ቶሎ ይታያል፤ ይህ በእኛ ቆዳ ትልቅ ጥቅም ነው። በጣት ተጫን አድርገው ሲለቁት በ2 ሰከንድ ገደማ ቀለሙ ከተመለሰ ደኅና ነው። ገርጥቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ቀለሙ ለመመለስ ከዘገየ ደም እየገባ አይደለም። ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ፣ አብጦ፣ ሲጫኑት ብልጭ ብሎ ከተመለሰ ደግሞ ደም ገብቶ መውጫ አጥቷል። በሁለቱም ነርሷን ወዲያው ይጥሩ፤ ጠዋት አይጠበቅም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሚፈታ ነው፦ የጠበቀ ፋሻ፣ የተጣመመ የደም ሥር፣ ከሥሩ የተጠራቀመ ደም፣ ወይም አጥብቆ የተሰፋ ስፌት። በሰዓታት ውስጥ ከተደረሰ ይተርፋል።

እግሩን ከአልጋ ማንጠልጠል ከሳምንት በኋላ ይጀመራል፤ መጀመሪያ 5 ደቂቃ፣ እየሰፋ ይሄዳል። ቀለሙ ከጠቆረ ተመልሶ ይነሣል። መርገጥ እንደ ቁስሉ አያያዝ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ነው፤ በክራንች፣ በጥቂት ክብደት። ሐኪሙ ከዚህ ካዘገየው የእሱን ይስሙ። ቶሎ መርገጥ የሚያስከትለው የስፌቱ ጠርዝ መከፈት ነው፤ እሱም ከተከፈተ ወር ይበላል።

ስለ ስሜቱ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ይገጥማችኋል። በመጀመሪያዎቹ ሰሞናት ተረከዙን ሲነኩት ወንድምዎ «ጎድጓዳዬን ነካሽኝ» ሊል ይችላል። ነርቩ ከነፈትሉ ስለዞረ አንጎሉ መልእክቱን የሚያነበው በድሮ አድራሻው ነው። ስሕተት አይደለም፤ የነርቩ ሕያውነት ምልክት ነው። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለ10 ደቂቃ ያህል፣ ዓይኑ እያየ በጥጥ፣ በነጠላ ጫፍ፣ በጣት ይዳሰስለት፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ የት እንደተነካ ይናገር። አንጎሉ አዲሱን አድራሻ በወራት ይለምደዋል። ስሜቱ የድሮው ተረከዙን ያህል ላይሆን ይችላል፤ ጠጠርና ሙቀት ለመለየት ግን ይበቃዋል።

እስከዚያ ድረስ ዓይኑ የተረከዙን ሥራ ይሥራ። ጠዋትና ማታ ውስጥ እግሩን በመስተዋት ይይ። ቀይ ቦታ ካየና ከ20 ደቂቃ ዕረፍት በኋላ ካልጠፋ በዚያ ቀን አይርገጥ። ጫማው ውስጡ ለስላሳ፣ ሶሉ የማይተጣጠፍ፣ ከኋላ የተያዘ ይሁን። ነጠላ ጫማ ተረከዙን ያንሸራትታል፤ የፕላስቲክ ኮንጎ ጠርዙ ይቆርጣል፤ በረባሶ ጥሩ ሶል አለው፣ ምስማሩ ግን ከውስጥ ብቅ ስለሚል በእጅ ሳይዳሰስ አይደረግም። ጎድጓዳው ላይ የተለጠፈው ቆዳ ላብ ስለማያመነጭ ይደርቃል፤ ማታ ማታ ቫዝሊን ይቀባ። ቁስል ክፍት እያለ ቅቤ፣ የቡና ዱቄት፣ አመድ አይደረግበት፣ ጣና ውስጥም አይነከር። የቡና ከሰል አጠገብ እግሩን ዘርግቶ አይቀመጥ፤ ያልተሰማ ቃጠሎ ከምድጃ ሳይነካ ይመጣል።

ዘጌ ወይም ከደሴቶቹ ገዳማት አንዱ ጋ ለመሳለም ሲሄድ ጫማ መውለቁ አይቀርም። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ የግቢው ድንጋይ ቆዳ ያቃጥላል። ጠዋት በማለዳ ይሂድ፣ ወፍራም ካልሲ ያድርግ፣ መሬቱን ቀድሞ በእጁ መዳፍ ይሞክር፤ ከጸሎት ሲወጣም ካልሲውን አውልቆ ተረከዙን አይቶ ነው ጫማውን የሚያጠልቀው።